ካልሲየም የሌለበት ጠርሙስ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳን ይዛ መጣችና ያፋ ፕሮፌሰር መሆኗን አሳየችኝ። ጓደኛሽ አይደለችም ወይ አለችኝ። ነች አልኳት፤ ደስ ብሎኛልም አልኩ። ግን እንደ ድሮው ከፋኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ!

ያኔ እስራኤል አገር፣ ሃይፋ ውስጥ በአንድ ቤተ ሙከራ የምንሠራ ተማሪዎች ነበርን። ክረምቱን ሙሉ እኔ ከነሸር ከተማ፣ እሷ ከክርያት ሐይም ሰፈር በአውቶቡስ እየመጣን፣ ዝናብ ያራሰውን ጃኬታችንን ሰቅለን አንድ ትኩስ ቡረካስ፣ አይብ የተሞላ የተጋገረ ሊጥ፣ ለሁለት እንካፈላለን። ሥራችን ካልሲየም ሴል ውስጥ ሲገባ የተኛን ጂን እንዴት እንደሚቀሰቅስ ማየት ነበር። ካልሲየሙ ሲበዛ ሴሉ በአጉሊ መነጽር ሥር አረንጓዴ ሆኖ ቦግ ይላል። የያፋ ሴሎች ቦግ ይላሉ፤ የእኔዎቹ ይሞታሉ። አስተማሪያችን እሷ ዘንድ ወንበር ስባ ትቀመጣለች፣ የእኔን ቆማ አይታ ታልፋለች። ለዶክትሬት የምትቀረው ደግሞ ከሁለታችን አንዷ ብቻ ነበረች። ቀናሁ፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

አንድ ጠዋት፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ መብላት ክልክል ስለሆነ፣ የቡረካስ ድርሻዬን ከበሩ ውጭ ቆሜ እበላለሁ። በበሩ መስታወት ሳይ ያፋ ሴሎቿን የምታቆይበትን ፈሳሽ ልታነሳ እጇን ዘረጋች። ካልሲየም ያለበትና የሌለበት ሁለቱ ጠርሙሶች መንትያ ናቸው፤ ካልሲየም የሌለበትን ክዳኑ ላይ በቀይ ያሰመርኩት እኔው ነኝ። ያነሳችው እሱን ነበር። በሩን ገፋ አድርጎ መናገር ይበቃ ነበር። ዝም አልኩ።

ሴሎቹ ለአፍታ ቦግ ብለው ጠፉ። በማግስቱም ጂኑ አልነቃም። እኔ ብሆን ደፍቼው አዲስ እጀምር ነበር። እሷ ግን ጠርሙሱን ይዛ መጣች።

«ቤሰደር፣ እሺ፣ ተሳስቻለሁ፣ ካልሲየም የለውም» አለችኝ። «ታዲያ ሴሉ ለምን በራ? ከራሱ ጓዳ ካልሲየም አውጥቶ ነዋ! ጂኑን ለመቀስቀስ ግን የጓዳው አልበቃም። ከውጭ እየገባ መቆየት አለበት ማለት ነው።»

አስተማሪያችን ሆን ብላ አስደገመቻት፤ ውጤቱ ያው ሆነ። የዶክትሬቱ ቦታ የያፋ ሆነ፤ እኔ ክርያት አታ ከተማ ደም መርማሪ ሆኜ ሥራ ገባሁ። ለሰው ብለህ ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው ይላሉ። እኔ የማስኩት ውሃ አወጣላት።

ትናንት እንኳን ደስ አለሽ ልላት ደወልኩ። ሳላስበው «ያን ጠርሙስ ስታነሺ አይቼሽ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «በመስታወቱ አይቼሻለሁ። ማኘክ አቁመሽ ነበር። ለምን እንደሆነ የገባኝ በማግስቱ ነው።»

ይህን ሁሉ ዓመት አውቃ፣ አንድ በዓል እንኳ ሳትደውልልኝ አሳልፋ አታውቅም። ድሮ የቀናሁት በአእምሮዋ ነበር፤ አሁን ደግሞ በልቧ ቀናሁ።