ጣሪያዬ ላይ ያለው ጄሪካን

ዲላ መናኸሪያ ውስጥ የመኪናውን ወንበር አንስቶ ሞተሩን ያሳየ ሰው ምክር አይቸግረውም። ቆሎ ሻጩ፣ ሰዓት ጠጋኙ፣ ዘመድ ሸኝቶ የሚመለሰው ሁሉ መጥቶ ይከባል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጎንበስ ይላል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ከዚያ ይፈርዳል። አስተያየት ሳይሰጥ የሄደ እንደሆነ ከወንድነቱ የሚቀነስበት ይመስለዋል። እጁን ሰዶ የሚነካ ግን የለም። ዘይት ያቆሽሸዋላ!

ይህን የማውቀው ሚኒባስ ስለምነዳ ነው። ባለቤቴ ከዲላ ፍስሐ ገነት ይሠራባት የነበረች መኪና ናት። እሱ ሲያርፍ ዘመድ አዝማዱ ሾፌር ቅጠሪ አለኝ። እኔ መንጃ ፈቃድ አወጣሁና ራሴ መሪዋን ያዝኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ መናኸሪያው እስክሳሳት ሲጠብቅ ኖሯል፤ አንድ ክረምት እንዳለፈ መኪናዬ ደስ አሰኘቻቸው።

ወናጎን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር የሙቀት መርፌው ወደ ቀዩ ይወጣል። ሞተሩ ከጋቢናው ወንበር ሥር ስለሆነ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ከእኔ ቀድሞ ያውቃል፤ መቀመጫውን እያነሳ ያስቀምጣል። ዳር ይዤ አቆማለሁ፣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ተሳፋሪዎቼም እያጉረመረሙ ሌላ መኪና ይሳፈራሉ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ዲላ ይደርሳል።

«መኪናው የለመደውን እጅ ፈልጎ ነው» አለ አንዱ ሾፌር፣ ጥርሱን እየፋቀ። ብረት ባል ሞተብኝ ብሎ እንደሚያለቅስ የሰማሁት ያኔ ነው። ሳቅኩበት። ተራ አስከባሪው ግን አልሳቀም።

«እህቴ፣ ሰው ጭነሽ አንድ ጊዜ ብታፈላብሽ ከመስመር ትወጫለሽ» አለኝ። «ወይም ደህና ሾፌር ቅጠሪ።»

ደህና ማለት ወንድ ማለት እንደሆነ ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። መሪውን ከለቀቅኩ ዳግመኛ እንደማልይዘው አውቀዋለሁ። ስለዚህ እስክትድን ሰው አልጭንም ብዬ ወደ መካኒኩ ወሰድኳት።

መካኒኩ ከመናኸሪያው ጀርባ የሚሠራ፣ ከባለቤቴ ጋር ብዙ ዘመን የቆየ፣ ጋሼ የምለው ሰው ነው። ሰው ካልከበበው አይሠራም። ወንበሩን አነሳ፣ ሰዉ እስኪሞላ ጠበቀ፣ ከዚያ ሁለት ብሎን ፈታና ከውኃው መንገድ ላይ በመዳፍ የምትያዝ የነሐስ ዕቃ አወጣ። ቴርሞስታት ነው የሚሏት። ለውኃው እንደ በር ናት፤ ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍታ ውኃውን እንዲቀዘቅዝ ወደ ራዲያተሩ ትለቃለች።

«ይቺ ለበረዶ አገር የተሠራች ናት» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለተመልካቹ እያሳየ። «እዚያ ሞተር ይበርደዋል። ዲላ ላይ ምን በርዶት!»

ሳቁ ቀለጠ። ዕቃዋን ቁርጥራጭ ብረት ውስጥ ወረወራት፤ የእኔ ንብረት ናትና አንስቼ ቦርሳዬ ከተትኳት።

«የጆሮ ጌጥ ልታደርጊያት ነው?» አለኝ።

በዚህ ቢበቃው ምን ነበረበት። አንድ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ፣ ቬንቲሌተር የሚሉትን፣ ጨመረና ከባትሪው ጋር በቀጥታ አገናኘው። አሁንም ተመልካቹ አልረካም። ያን ጊዜ ነው ጄሪካኑ የመጣው። የዘይት የነበረ ቢጫ ጄሪካን ጣሪያዬ ላይ ጫነ፣ በእንሰት ቃጫ ጠፍሮ አሰረው፣ ከሥሩም ሐኪም ቤት ለበሽተኛ የሚንጠለጠለውን ዓይነት ቱቦ ቀጥሎ እስከ ራዲያተሩ አወረደው። ውኃ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ጭነት መኪኖች ፍሬናቸው ላይ ውኃ ያንጠባጥቡ የለም? ለፍሬን የሠራ ለሞተር ምን ይሳነዋል! አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለዚህ ነው።

ለሙከራ ስንወጣ ጋሼም አማካሪዎቹም ተሳፈሩ፤ ክብደት እንሁንልሽ ብለው። ወናጎን አለፍን። ዳገቱ ግማሽ ላይ መርፌው ከበፊቱም ፈጥኖ ቀዩን ነካ። አቆምኩ። ሁሉም ወርደው ከአንድ ሰው አጥር ዳር እንሰት ጥላ ሥር ጉባኤ ተቀመጡ። አንዱ ጄሪካኑ አነሰ አለ። ሌላው ሁለት ይሁን አለ። አንድ ሽማግሌ ከጓሯቸው ወጥተው ነገሩን ሲሰሙ፣ ራዲያተሩ አፍስሶ እንደሆነ ጥቂት ቡላ ብንጨምርበት እንደሚደፍነው ነገሩን። የፈላ ውኃ ላይ ቡላ! ገንፎውንም እዚያው በማንኪያ እንበላው ነበር።

እነሱ ሲከራከሩ እኔ ከመኪናዋ ፊት ቁጢጥ ብዬ የራዲያተሩን የታችኛውን ጫፍ በእጄ ነካሁ። እቃጠላለሁ ብዬ ነበር። ለብ ያለ ነው። እጄን እንዳሳረፍኩ አቡነ ዘበሰማያትን ብደግም ምንም አልሆንም ነበር። ከወንበሩ ሥር ሞተሩ ይንተከተካል፣ ራዲያተሩ ግን የፈላው ውኃ እንደ ልብ አልደረሰውም። እነዚህ ሁሉ ሱሪ የታጠቁ ሰዎች በቬንቲሌተር፣ በጄሪካን፣ በቱቦ የቀዘቀዘውን ያቀዘቅዙ ነበር። አንድም እንኳ አልነካውም። እንደዚያ ቀን ሰው ንቄ አላውቅም።

ሲበርድላት ቀስ ብዬ መለስኳቸው።

ቤቴ ገብቼ ያቺን የተወረወረች ዕቃ ድስት ውስጥ ጨምሬ ውኃ አፈላሁባት። ውኃው ተንፈቀፈቀ፣ እሷ ጥርሷን እንደነከሰች ቀረች። በሽታው እሷ ነበረች ማለት ነው፤ በሩ ዝግ ሆኖ ነው መኪናዋ ስታፈላ የከረመችው። ታዲያ ዕቃዋ ስትወጣ መኪናዋን ለምን ባሰባት? ሞተሩ ላይ ዕቃዋ የነበረችበትን ቦታ ፈትቼ አየሁት፤ ከታች ሁለተኛ ቀዳዳ አለ።

በማግስቱ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩና አዲስ ጠየቅኩ። ባለሱቁ አባቱም እዚሁ የነገዱ ሰው ነው፤ ካርቶኑን ከላይኛው መደርደሪያ አውርዶ አቧራውን እፍ አለ።

«ምን ያደርግልሻል? እዚህ ሰው አውጥቶ ይጥለዋል እንጂ አይገዛም እኮ!»

ድስቴን ጣድኩ። ውኃው መሞቅ ሲጀምር አዲሷ ቀስ ብላ ተከፈተች፣ ከሥሯም አንዲት እግር ወደ ታች ወረደች። ያቺ እግር የምትደፍነው ሁለተኛውን ቀዳዳ ነው፤ ውኃው ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ። ውኃ ደግሞ እንደ ሰው ነው፣ አቋራጭ ካገኘ ረጅሙን መንገድ አይወድም። እሳቱን ሳጠፋ ዕቃዋ ተመልሳ ተከደነች። ብቻዬን ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ሳቅኩ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እሑድ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ገጠምኳት። ቬንቲሌተሩንም ጄሪካኑንም አወረድኩ። ብቻዬን ይርጋጨፌ ደርሼ ተመለስኩ፤ መርፌው ከመሀል ንቅንቅ አላለም።

ሰኞ ጠዋት አጥቤያት መናኸሪያ ገባሁ። ተራ አስከባሪው ወደ ሞተሩ አላየም፤ ወደ ጣሪያው አየ።

«ጄሪካኑስ?»

«አያስፈልግም፤ ድናለች።»

«ያለ ጄሪካን ሰው አልጭንልሽም።» ዳገቱ ላይ ጄሪካኑ እንዳልሠራ ከአማካሪዎቹ አንድም ያወራ የለም ማለት ነው።

ወንበሩን አነሳሁ፣ እይ አልኩት። ሰዉ መጥቶ ከበበ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጎንበስ አለ። ስለ ቀዳዳው ማስረዳት ስጀምር አንዱ «ይቺ ሴትዮ ልታስፈጅ ነው» አለና ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ተሳፋሪዎቼ ከነቅርጫታቸው ወደ ሌላ መኪና ሲሄዱ አየሁ። ቤቴ ተመለስኩ፣ ጄሪካኑን አምጥቼ ጣሪያው ላይ በዚያው ቃጫ አሰርኩት፣ ቱቦውንም አንጠለጠልኩ። ውኃ አልጨመርኩበትም።

«አሁን ሆነ» አለ ተራ አስከባሪው።

ጋሼ ከጀርባው ብቅ አለ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «እኔ ባልኖር መሪውን ለቀሽ ነበር» አለኝ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ሰዉ ዞሮ አፌን አየ። ስለ ድስቱ፣ ለብ ስላለው ራዲያተር የምለው ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። የመውጫ ወረቀቴ ግን ገና በተራ አስከባሪው እጅ ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አልኩት።

«አልሰማንም!» አለ ያ ጥርሱን የሚፍቀው ሾፌር።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ወረቀቱ ተሰጠኝ፣ መኪናዋም ሞላች።

ጋቢና የተቀመጠው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ከወናጎ በኋላ ያለውን ዳገት ስንወጣ አንዴ መርፌውን፣ አንዴ በመስኮቱ የሚወዛወዘውን ቱቦ ያያል።

«ሜካኒካል ነው የማጠናው» አለኝ። «ሲምፕል ሶሉሽን ነው፣ አሪፍ! ጄሪካኑ ነው አይደል እንዲህ ያቀዘቀዛት?»

መርፌው መሀል ላይ ነው። ሁለት እጄም መሪው ላይ ነው።

«አዎ፣ ጄሪካኑ ነው» አልኩት።