የጥድ ቅጠልና የአጎቴ ሽማግሎች

የፈረንጅ ገና ካለፈ ሰንበትበት ብሏል፤ እዚህ ስዊድን፣ ኖርስቦሪ ግን ጎረቤቶቼ የገና ዛፋቸውን አውጥተው የሚጥሉት የኛ ጥምቀት ሊደርስ ሲል ነው። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ተመልሼ ደረጃውን ስወጣ፣ ከላይ ፎቅ ያለው ሰውዬ የደረቀ ዛፉን በግንዱ ይዞ እየጎተተ ሲወርድ ተገናኘን። ደረጃውን ሁሉ በቅጠል ሞልቶታል። እጠርገዋለሁ፣ ይቅርታ አለኝ፤ ግዴለም አልኩት። እሱ ካለፈ በኋላ ግን ጎንበስ ብዬ እፍኝ ሙሉ አነሳሁና በመዳፌ አሸሁት። የዚህ አገር ጥድ ቅጠሉ እንደ መርፌ ቀጭን ነው። ሲታሽ የሎሚ ልጣጭም የሙጫም የሚመስል ሽታ ይሰጣል። ሚስቴ በሩን ከፍታ ምን ሆነህ ነው እዚህ የተቀመጥከው እስክትለኝ ድረስ ደረጃው ላይ ቁጭ ማለቴንም ልብ አላልኩም።

ምን ሆንኩ? ዶክተር ልሆን የነበርኩበት ጊዜ ትዝ ብሎኝ ነዋ!

አሁን የምድር ውስጥ ባቡር፣ እኛ እዚህ ቱነልባና የምንለውን፣ እነዳለሁ። ጡረታዬም ደርሷል። ያኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ገና የጨረስኩ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ሥራዬም በጥድ ቅጠል ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን መለካት ነበር። ለሐበሻ ይህን ማስረዳት መከራ ነው። «ባሕር ተሻግረህ የመጣኸው ቅጠል ልትፈጭ ነው?» ብለው የሳቁብኝ ስንት ናቸው። ናይትሮጅን ማለት የኛ ገበሬ ለማዳበሪያ ገንዘቡን የሚከሰክስበት ነገር ነው እላቸዋለሁ። የሰሜን ጫካ አፈሩ ድሃ ስለሆነ ዛፉ ሁልጊዜ ይህንኑ እንደተራበ ነው። ጠግቦ እንደሆነ ወይም ተርቦ እንደሆነ ደግሞ ቁመቱን አይተህ አታውቅም፤ ቅጠሉን መመርመር አለብህ።

የምንለቅመው ቅዝቃዜው ገብቶ ዛፉ ማደጉን ሲያቆም ነው። አለቃችን ጉኒላ፣ ቁመቷ ረዘም፣ ንግግሯ ቁጥብ ያለ ፕሮፌሰር፣ ራሷ ጭቃውን እየረገጠች አብራን ትወጣ ነበር። ረጅም ዘንግ ጫፉ ላይ መቁረጫ ያለው ይዘን፣ ከዛፉ አናት ጠጋ ብሎ ፀሐይ የሚያገኘውን ቅርንጫፍ እናወርዳለን፤ ከዚያ ውስጥ የዘንድሮውን ቀንበጥ ብቻ እንለያለን። ጣት የሚባል ነገር አይታዘዝም። ምሳ ሰዓት ላይ እነሱ ዳቧቸውን በአይብ ሲበሉ፣ እኔ የነቢያት ጾም ስለሆነ በዳቦ ውስጥ ምስር ወጥ አድርጌ እበላለሁ። ጉኒላ አንድ ቀን ቅመሽ ብላት ቀመሰች፤ በርበሬው አንቆ አስለቀሳት። በማግስቱ ግን ዛሬስ አልያዝክም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እወዳት ነበር፣ እውነቴን ነው የምላችሁ።

ላብራቶሪ ስንመለስ ቅጠሉ በምድጃ ይደርቃል፣ እንደ ዱቄት ይፈጫል፣ ይመዘናል፣ በአሲድ ይቀቀላል። መጨረሻ ላይ ፈሳሹ ላይ ጠብ ጠብ እያደረግክ አረንጓዴው ወደ ሮዝ ሲለወጥ ታቆማለህ። አንድ ጠብታ አለፈህ ማለት ልፋትህ ሁሉ ገደል ገባ። እኔ ያችን ጠብታ አላሳልፍም ነበር። ጉኒላም አይታለች መሰለኝ፣ ይህ ሥራ በደንብ ካለቀ ከፈረንጅ ገና በኋላ የሚከፈተው የዶክትሬት ቦታ ያንተ ነው አለችኝ። ለአጎቴ ነገርኳቸው። በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሰው ሁሉ «እንዴት ነህ፣ ዶክተር?» ይለኛል።

አጎቴ ጋሽ በቀለ ወደዚህ አገር ያመጡኝ፣ በቤታቸው አስቀምጠው ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ሶደርተልየ ከተማ የከባድ መኪና ፋብሪካ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ስዊድንኛቸው የፋብሪካ ስዊድንኛ ነው፤ ያዝ፣ አንሳ፣ ተጠንቀቅ፣ ይቅርታ ለማለት ይበቃል።

ነገሩ የተበላሸው እንዲህ ነው። ከአንዱ ጫካ ያመጣናቸው ቅጠሎች ናይትሮጅናቸው ከሌሎቹ ሁሉ እጅግ በለጠ። ደግሜ ሠራሁ፤ ያው ነው። ጉኒላ ወረቀቱን ስታየው ግንባሯ ተቋጠረ። እንዲህ ያለ ቁጥር እዚያ አፈር ላይ አይወጣም፣ ወይ ናሙና ተቀላቅሏል ወይ ዕቃው በደንብ አልታጠበም አለች። አንዱም አልሆነም አልኳት። እስቲ እናያለን፣ የተረፈውን ሌላ ሰው ይለካዋል፣ ስለ ቦታውም ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን ብላ ሄደች። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። እኔ ግን ያን ሰሞን እህል አልወርድልህ አለኝ።

እሁድ ዕለት አጎቴ ቤት ምሳ ቀርቦ እጄን ስሰበስብ ጊዜ ምን ሆነሃል አሉኝ። ፕሮፌሰሯ እንዳላመነችኝ፣ ቦታውንም ልትከለክለኝ እንደምትችል ነገርኳቸው። ምን አጠፋህ አሉኝ። ምንም አልኳቸው። እንግዲያማ ነገሩ ቀላል ነው ብለው ጎረስ ጎረስ አደረጉ። የሚያጽናኑኝ መስሎኝ ነበር።

ለካ ሽማግሌ ሊሰበስቡ ኖሯል።

በኛ ዘንድ እንዴት እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ሲሄድ ማን አጠፋ ተብሎ አይመረመርም። የታናሽየው ወገን ዝቅ ብሎ አጥፍቷል፣ ለኛ ሲሉ ይማሩት ይላል፤ ታላቅየው ደግሞ ኧረ እሱ ምን አጠፋ ይላል፤ በዚያው ያልቃል። ያጠፋም ያላጠፋም በዚሁ መንገድ ነው የሚታረቀው። አጎቴ ይህን ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስንት ባልና ሚስት አስታርቀዋል። እንግዲህ አንድ ጡረታ የወጡ መምህርና አንድ ቄስ አስከትለው፣ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ቅጠል ስፈጭ ፎቅ ላይ ጉኒላ ቢሮ ገቡ።

የሆነውን የሰማሁት ከራሳቸው ከአጎቴ ነው። ተቀመጡ ብትላቸው እምቢ አሉ፤ ምሕረት ሳይገኝ ሽማግሌ አይቀመጥማ። ሦስቱም እንደቆሙ አጎቴ በዚያች ስዊድንኛቸው ልጁ አጥፍቷል፣ ይቅርታ አሏት። ጉኒላ ድርሻዋን አታውቅም። ኧረ ምን አጠፋ በማለት ፈንታ ምንድን ነው ያጠፋው ብላ ጠየቀቻቸው። አጎቴ ይህን አልጠበቁም፤ ትንሽ ጥፋት ብናገር ምሕረቱም ትንሽ ይሆናል ብለው አሰቡና «ብዙ» አሏት። መምህሩም፣ ቄሱም ራሳቸውን እየነቀነቁ አዎ፣ ብዙ አሉ። በመጨረሻ ግራ ቢገባት፣ እሺ፣ ይቅር ብዬዋለሁ አለች። ያኔ ተቀመጡ። የገና ዳቦ አቀረበችላቸው፤ ቅቤ ስላለበት ጾም ነው ብለው ተዉት። ቄሱ ቢሮዋን ባርከውላት ወጡ።

ከሰዓት በኋላ አስጠራችኝ። በሩን ዘጋችና «ሦስት ሰዎች መጥተው ብዙ አጥፍቷል አሉኝ። አንተ ምንም አላጠፋሁም ብለኸኛል። ማንን ልመን?» አለችኝ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የኛን ልማድ ላስረዳት ሞከርኩ። የተማርኩት ስዊድንኛ ግን የአሲድና የዛፍ ነው፤ ለዚህ ነገር አልበቃኝም። ያላጠፋ ሰው ይቅርታ ይጠየቅለታል ስላት ዓይኗን አጥብባ ታየኛለች። ከዚያ «ታዲያ አጎትህ የተናገሩት እውነት አይደለም ማለት ነው?» አለችኝ።

አይደለም ብል እኚያን ሰው በፈረንጅ ፊት ውሸታም ማድረጌ ነው። እውነት ነው ብል ራሴን ቀበርኩ። መስኮቱን አየሁ፤ በረዶ መጣል ጀምሯል። ብዙ ከጠበቀችኝ በኋላ ይቅር ያለችው ከልቧ እንደሆነ፣ ነገር ግን ቁጥር የሚያመጣላትን ሰው ማመን እንዳለባት ነገረችኝ። ቦታውን ለሌላ ሰጠች።

ማታ አጎቴ ደወሉ። በድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ነበር። «ሰማህ? ይቅር ብላሃለች! በል ጠንክረህ ሥራ» አሉኝ። ምን ልበል? እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ አልኩ።

በረዶው ቀልጦ ቅጠል ማቆጥቆጥ ሲጀምር፣ እኔ ላብራቶሪውን ትቼ የባቡር መንዳት ትምህርት ገብቼ ነበር። አንድ ቀን ጉኒላ ስልክ ደወለች። የጫካው ባለቤት ቀደም ባለው በጋ በሄሊኮፕተር ማዳበሪያ አስረጭቶ ኖሯል፤ ለማንም አልነገረም፣ ማንም አልጠየቀውም። ዛፎቹ ጠግበው ነበር። ቁጥርህ ልክ ነበር አለችኝ። ቦታው እንደተያዘ፣ በሚቀጥለው ዓመት ግን ባመለክት አጠገቤ እንደምትቆም ነገረችኝ። አስብበታለሁ አልኳት። ኩራት ይሁን ኩርፊያ ዛሬም አላውቀውም፤ ሳስብበት ሳስብበት ይኸው ፀጉሬ ሸበተ። ለአጎቴም አልነገርኩም። እርስዎ ነዎት ያስቀሩኝ እንዴት ይባላል?

አጎቴ ዛሬ ፋርስታ በሚባል ሰፈር የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ናቸው። ያ ደረጃ ላይ የተቀመጥኩ ዕለት ሆዴ ባባና፣ እሁድ ሄጄ አየኋቸው። የምትንከባከባቸው እዚሁ ያደገች የሐበሻ ልጅ ናት፤ እሳቸው በአማርኛ ሲያወሯት በስዊድንኛ ትመልሳለች፤ ይግባባሉ። ገና ስገባ እንደ ልማዳቸው ጀመሩላት። ይህን ልጅ እኔ ነኝ ያተረፍኩት፣ ከአንዲት ፕሮፌሰር ጋር ተጣልቶ ቆመን ለምነን ያስማርነው ነው አሏት። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቤት ይቁጠረው። የዚያን ዕለት ግን ከዚህ በፊት አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ። ድንገት ወሬውን አቋርጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«ቆይ ግን፣» አሉ፣ «ይቅር ብላህ አልነበር? ታዲያ ለምን ዶክተር ሳትሆን ቀረህ?»

እጃቸው እጄ ውስጥ ነበር። አጥንት ብቻ ቀርቷል። ከጉኒላ ጋር ይህን ነገር የምናውቅ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ እሷም ከሞተች ቆይቷል። ልናገር አልኩ፤ አፌ ድረስ መጣ።

«ብርዱ ነዋ፣ ጋሼ» አልኳቸው። «የጫካውን ብርድ አልቻልኩትም።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ልጅቷ ዞሩና «አየሽልኝ? እኛ ቆመን ስንለምን፣ እሱ ብርድ ፈርቶ ተወው!» አሏት። ልጅቷ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ልሄድ ስነሳ ቆይ ብለው ከወንበራቸው ጀርባ የራሳቸውን የሱፍ ሻርፕ ሳቡና፣ አጎንብሼላቸው አንገቴ ላይ ጠመጠሙልኝ። ተቆጭቻለሁ፤ እስከዛሬም ይቆጨኛል፣ አልዋሽም። ባቡር ስነዳ የሆነ ቦታ ጥድ በመስኮቱ ሲያልፍ ቅጠሉን አያለሁ፤ ጠግበሃል ወይስ ተርበሃል እያልኩ ራሴን አሳብዳለሁ። ግን እኚህን ሰው በዚህ ዕድሜያቸው አስለቅሼ ምን ላተርፍ? ሻርፑን አልፈታሁትም። ቤት እስክደርስ አልቦኝ ነበር።