ቁምሳጥን ዳንስ ሲማር

ባሌን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ቁምሳጥን» ነው የሚለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው የቤት ዕቃ ከፎቅ ሲያወርድና ፎቅ ሲያወጣ ኖሮ ትከሻው እንደ በር ሰፍቷል። እኔ ግን ቁምሳጥን ማለት የጀመርኩት፣ ያውም በሆዴ፣ ዳንስ መማር ከጀመርን ወዲህ ነው።

ነገሩን ያመጣሁት እኔው ራሴ ነኝ። ልጆቹ ወጥተው ቤቱ ጭር ሲልብኝ፣ «በትዳራችን አንድ ነገር ለምኜህ አላውቅም፤ ጥንድ ዳንስ እንማር» አልኩት። እያጉረመረመ እሺ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከመኪና መለዋወጫ ሱቁ በላይ ወዳለው አዳራሽ እንሄዳለን። እርምጃውን ከተማሪው ሁሉ ቀድሞ ያዘ። አንጀቴን የሚያሳርረኝም ይሄ ነው፤ እግሩ ያውቃል! የቀረው ማማሩ ብቻ ነው፤ አንገት ቀና፣ ደረት ነፋ፣ ክንድ ለቀቅ፣ ፈገግ ማለት። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ወለሉን ያያል። ወገቤን ፍሪጅ እንደተሸከመ ሰው ጨምድዶ ይይዛል። ይሄ ሳያንሰው ደግሞ ይጮሃል።

«ቀስ! ወደ ግራ! ደፍ አለ፣ ደፍ!»

አዳራሹ ውስጥ አንድም ደፍ የለም። ሰው ይስቃል፤ እኔ መግቢያ አጣለሁ።

አስተማሪዋ ገና ልጅ ናት፤ ትዕግሥቷ ግን ለጉድ ነው። «ጋሼ፣ ዕቃ እኮ አይደለም የያዙት። እትዬን ይመኗቸው፤ ቀና ይበሉ» ትለዋለች። «እሺ ልጄ» ይላል። ሙዚቃው ሲጀምር ያው ነው። ለመንኩት፣ መስታወት ፊት አቆምኩት፣ አኮረፍኩት። ወይ ፍንክች!

ቤተሰብ የሚጋበዝበት የማሳያ ቀን ሁለት ሳምንት ሲቀረው አስተማሪዋ ለብቻዬ ጠራችኝ። «እትዬ፣ ጋሼ መጮኹን ካልተዉ ለማሳያው ከፋርማሲስቱ ጋር አጣምሬ ነው የማስወጣዎት» አለችኝ። ፋርማሲስቱ አብሮን የሚማር፣ ጫማው የሚያበራ፣ ዓይኑን ከመስታወቱ የማይነቅል ሰው ነው። እኔ ደግሞ እህቶቼን በሙሉ ጠርቻለሁ። ማየት ያለባቸው ከባሌ ጋር ሲያምርብኝ ነው እንጂ ከሌላ ሰው ጋር አይደለም።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ፈነዳሁ። «እኔ ቁምሳጥን አይደለሁም! ምን በድዬህ ነው በሰው ፊት የምታዋርደኝ? መጮህ ካልተውክ ከፋርማሲስቱ ጋር ነው የማስወጣሽ ብላኛለች!»

ቆመ። «ወደ ኋላ የምትሄጂው አንቺ ነሽ» አለኝ።

«እና?»

«ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው አያይም። እኛ ሥራ ላይ ፊት ለፊቱ ያለው ነው ዓይኑ የሚሆነው። ያን ቀን ከጓደኛዬ ኋላ ደፍ ነበረ። አንዲት ሴትዮ ከበረንዳ ስትጠራኝ ቀና አልኩ። አንዴ ነው ቀና ያልኩት።»

ጓደኛውን አውቀዋለሁ። እቤታችን ሲመጣ ክራንቹን በሩ ጥግ ያስደግፋል። ከፍሪጅ ሥር ጎትተው እንዳወጡትም አውቃለሁ። ፊት ለፊቱ ማን እንደነበረ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ የነገረኝ የለም። እውነቱን ልናገርና፣ አዘንኩ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም፣ እንዲያውም ባሰ። ይሄን ሁሉ ዘመን እኔን ደብቆኝ፣ ጩኸቱን ለሰው ፊት አቆየልኝ!

ቤት ስንደርስ፣ «ከፋርማሲስቱ ጋር ከምትወጪስ አልጮህም» አለ።

በማሳያው ቀን ቃሉን ጠበቀ። አንገቱን አቀና፣ ደረቱን ነፋ፣ ክንዱን ለቀቅ አደረገ። አንድ ቃል አልተነፈሰም። እህቶቼ አጨበጨቡ። የለመንኩት ይኸው ነበር። ወገቤ ላይ ያለው የእጁ ላብ ግን ቀሚሴን ዘልቆ ተሰማኝ። አዳራሹ መሀል ስንደርስ አላስችል አለኝ።

«ከኋላዬ ደፍ አለ?» አልኩት ጮክ ብዬ።

ዓይኑ በትከሻዬ ላይ አልፎ ወለሉን አየ። «የለም! ሜዳ ነው!» አለ። «ወደ ግራ ነይ!»

ወገቤን እንደ ወትሮው ጨምድዶ ያዘ። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁመው፤ እስከ መጨረሻው ጮኸ። ሰዉ ሳቀ፣ አስተማሪዋ ግንባሯን ያዘች። እኔም በንዴት እየበገንኩ፣ አንዴም ወደ ኋላዬ ሳልዞር ጨፈርኩ።