ከመዝጋት በፊት

ሰበታ መሃል ከተማ፣ ከጨርቅ እስከ ሳህን ይሸጥበት የነበረው ትልቁ መደብር ሊፈርስ ነው። የእስካቫተር ሾፌሩ ያደታ ሞተሩን እንዳስነሳ፣ አንድ ባለ ካፖርት ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሙበት። የጨርቅ መለኪያ ሜትር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

"ኦቦ፣ ዞር ይበሉ እንጂ! ሊፈርስ ነው እኮ!"

"ሠላሳ ዓመት ስሸጥ፣ ውስጡን ሳልዞር ዘግቼ አላውቅም" ብለው ገቡ።

ግድግዳው ተሰንጥቋል። ያደታ ሞተሩን አጥፍቶ ጆሮውን አቆመ።

"የቀረ ደንበኛ አለ?" ሲሉ ሽማግሌው ከውስጥ ተሰሙ።

ደግመው ጠሩ። ከደረጃው ሥር ተኝታ የነበረች ሴት ብርድ ልብሷን እንደታቀፈች ወጣች። ያደታ አማተበ።

ሽማግሌው በሩን ይዘው አሳለፏትና ዝቅ ብለው፣ "ነገም ብቅ ይበሉ፣ እመቤት" አሏት። ከዚያ በሩን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።