የማሰሮው ደረቅ ቅርንጫፍ

እናቴን የሰፈሩ ሰው «መቀሷ» ይላታል። ችግኝ ጣቢያ ተቀጥራ ከሠራችበት ዘመን ጀምሮ የመግረዣ መቀስ ከሽርጧ ኪስ ተለይቶ አያውቅም። ለቅሶ ስትደርስ እንኳ ይዛው ትሄዳለች፤ ሐዘንተኛውን አጽናንታ ስትወጣ በራፉ ላይ ያለውን ጽጌረዳ ሳትነካካ አታልፍም። «ኧረ እማ፣ ነውር ነው!» ስላት፣ «ነውርስ እንዲህ ጎፍሮ መተው ነው» ትለኛለች። እኔ ልጇ ነኝ፤ ስለ እሷ ሳወራ ደረቴን ትንሽ ብነፋ አትታዘቡኝ።

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ፣ ከአትሮንሱ ግርጌ፣ አንድ የሸክላ ማሰሮ ይቀመጣል። እሑድ እሑድ እሱን መሙላት የእናቴ ሥራ ነው። ሕጓ አንድ ነው፦ በዚያው ሳምንት ከጓሯችን የተገኘ ብቻ። ምድር ዝናብ ስትጠግብ ማሰሮው በአበባ ይጨናነቃል። ሙቀቱ ሲበረታ የሣር ዛላ ታቆምበታለች፤ ብርዱ ሲገባ ደግሞ ቅጠሉን ያራገፈ እርቃን ቅርንጫፍ። አበባ ልግዛልሽ የሚላትን አመስግና ትመልሳለች። «ቅጠል የሚረግፍበትም ወር የእግዚአብሔር ነው። እሱ ያላፈረበትን እኔ ለምን ልሸፍንለት?»

አባቴ የሞተው ዛፎቹ ሁሉ በተራቆቱበት ሰሞን ነበር። እናቴ ድሮ ስትጸልይ ማይክ የማያስፈልጋት ሴት ነበረች። ከቀብሩ በኋላ ግን አፏ ተዘጋ። መዝሙር ሲዘመር ትቆማለች፣ ሲጸለይ አንገቷን ትደፋለች፣ ድምፅ የለም። መጋቢው ቤት ድረስ መጥቶ ሲጠይቃት፣ «ልቤ ረግፏል ልጄ፤ ለእግዚአብሔር የምለው ቃል የለኝም» አለችው። «ማሰሮውን ግን አልተውም። የቀረችኝ ጸሎት እሷ ናት።»

መጋቢው ብልህ ነው፤ ጸልዪ እያለ አልጨቀጨቃትም። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ማሰሮዋን በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ ጀመርኩ። ያቺን ማሰሮ ያጣች ቀን እናቴ ቤተ ክርስቲያኑንም እንደምትተወው ገብቶኝ ነበር።

በዓመቱ፣ ብርዱ ሲመለስ፣ የፈራሁት ደረሰ። የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረታ የወጣ ግንበኛ ነው። ሴራሚኩንም፣ አዲሱን ምንጣፍም ያስገባው እሱ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ሲያይ ነፍሱ ትረካለች። እናቴ አዲስ የተገረዘ የኮክ ቅርንጫፍ ማሰሮው ውስጥ ስታስተካክል፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የፕላስቲክ አበባ ታቅፎ መጣ።

«እህቴ፣ አይከፋሽ» አላት። «እንግዳ ይመጣል፤ የእግዚአብሔር ቤት ጦሙን ያደረ መምሰል የለበትም። ይሄ ደግሞ አይረግፍ፣ ውኃ አይጠይቅ!»

«እሱ እኮ ነው ክፋቱ» አለችው።

ኮሚቴው ግን ወስኖ ጨርሷል። ማሰሮው ከነቅርንጫፉ ዕቃ ቤት ገባ፤ የፕላስቲኩ አበባ በሌላ ማስቀመጫ ቦታውን ያዘ። እኔ ደሜ ፈልቶ ለሰብሳቢው የሚገባውን ያህል፣ ምናልባትም ትንሽ ጨምሬ ነገርኩት፤ እናቴ በእጅጌዬ ጎትታ አስወጣችኝ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ «ከእንግዲህ እሑድ ቤት እሆናለሁ።» ቀልድ መስሎኝ ነበር። በቀጣዩ እሑድ ብለምናትም፣ ብቆጣትም ከበሩ አልወጣች። ቤቱ ውስጥ ሁለተኛ ሰው የሞተ መሰለኝ።

አሁን ዘበኛውን ላስተዋውቃችሁ። ሽማግሌ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ማሰሮው ላይ ውኃ መጨመር የኖረበት ልማዱ ነው። አበባው ተቀየረ እንጂ ልማዱን ተው ያለው የለም። ስለዚህ የፕላስቲኩን አበባ በየቅዳሜው በትጋት ሲያጠጣ ከረመ። ውኃው ሞልቶ እየፈሰሰ አዲሱ ምንጣፍ ይሸት ጀመር። ሰብሳቢው ጣሪያው ያፈሳል ብሎ ባለሙያ አምጥቶ ቆርቆሮውን አስፈተሸ። ዘበኛው መሰላሉን ደግፎ ይዞ፣ «ምን ጠፍቶ ነው?» ቢል፣ «ውኃ ከየት እንደሚመጣ እንፈልጋለን» አሉት።

«ከኔ ነዋ! አበባ አይደል? አጠጣሁት።»

«የፕላስቲክ እኮ ነው አባቴ!»

«እኔ ምን አውቄ! ዕቃ ቤት ያለውንስ ቢሆን እኔ ካላጠጣሁት ማን ሊያጠጣው ነው?»

ሰብሳቢው ዕቃ ቤቱን ከፈተ። ፀሐይ በምትገባበት ትንሽ መስኮት ሥር፣ በአሮጌ ወንበሮች መካከል፣ ደረቁ የኮክ ቅርንጫፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ አብቦ ቆሟል። ውጭ ያሉት ዛፎች ገና እንጨት ናቸው።

ሰውዬው ማሰሮውን በገዛ እጁ ተሸክሞ ቤታችን መጣ። በሩን የከፈትኩት ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ማሰሮውን ሳይ ግን መንገድ ለቀቅኩለት። እናቴ ከጓሮ ወጣች።

«እህቴ፣ ተአምር ነው!» አላት።

እናቴ አንዱን አበባ በጣቷ ነካ አደረገችው። «ተአምር አይደለም፣ ኮክ ነው። ብርዱን ጠግቦ ነው የተቆረጠው። ውኃና ሙቀት ሲያገኝ ያብባል።» ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ቀና አለች። «ማን አጠጣው?»

«ዘበኛው።»

«ማንም ሳያየው?»

«ማንም ሳያየው። እሱ ራሱ ምን እያደረገ እንደሆነ አላወቀም።»

እናቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አባቴ ሲቀበር እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም። ሰብሳቢውም በዚያ በተተኮሰ ሱፉ አፈር ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። «በድያለሁ፤ ይቅር በይኝ» አላት። ከዚያን ቀን ወዲህ በክፉ አላነሣውም፤ ሱፍ ለብሶ አፈር ላይ የሚቀመጥ ሰው ብዙ አይገኝም።

እሑድ ማሰሮዋን ራሷ ተሸክማ ገብታ ከአትሮንሱ ሥር አኖረችው። መጋቢው እንደ ወትሮው፣ «አንድ ሰው ይጸልይልን» አለ፤ እንደ ወትሮውም ሁሉም ጫማ ጫማውን ማየት ጀመረ። ያን ጊዜ ከኋላ፣ ያለ ማይክ፣ የማውቀው ድምፅ ተሰማ።

«ጌታ ሆይ፣ የምልህ ቃል ባጣሁበት ወራት ሁሉ ማንም ሳያይ ስታጠጣኝ የከረምከው አንተ ነህ። እኔ የተውከኝ መስሎኝ ነበር።»

ዘበኛው ከበሩ ላይ ከሁሉም በላይ ጮኾ «አሜን!» አለ። እኔ እንባዬን እንኳ ሳልጠርግ፣ አጠገቤ ወደ ተቀመጠችው እንግዳ ሴት ዞርኩና፣ ምንም ሳትጠይቀኝ፣ «እናቴ ናት» አልኳት።