ክንፍ እና በር

ሴትዮዋ ወደ እንግሊዝኛው ክፍል የምትመጣው ከስፌት ቤት በቀጥታ ነው። ሜትሩን ከአንገቷ ማውለቅ ትረሳለች፤ ክር ከጉልበቷ ላይ አይጠፋም። የምትለብሰው የወንድ ኮት ነው፤ እጅጌው ረዝሞባት ሁለቴ ጠቅልላዋለች። የሰው ልብስ ስታሳጥር የምትውል ሴት የራሷን እጅጌ አለማሳጠሯ መምህሩን ሁልጊዜ ግራ ያጋባዋል።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር ጨመረችለት። ምላሱ እስኪደርቅ አስረድቷል፦ አንደኛው ዓረፍተ ነገር ሊሆን ለሚችል ነገር ነው፣ «ዝናቡ ካባራ እንሄዳለን» እንደ ማለት፤ ሁለተኛው ለማይሆን ነገር ነው፣ «ክንፍ ቢኖረኝ ኖሮ እበር ነበር» እንደ ማለት። ከዚያም በሁለተኛው መንገድ ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ አለ። ሌላው ተማሪ ጻፈ። እሷ ግን ወይ ፍንክች፤ ሦስት ጊዜ አስደምስሷት ሦስቴም በእንግሊዝኛ የጻፈችው ያንኑ ነው፦ «ባሌ ከመጣ በሩን ይጠግነዋል።»

አልገባት ይሆን፣ ወይስ ያልገባው እሱ ነው? ጎንበስ አለና ድምፁን ቀነስ አድርጎ ጠየቃት።

«ባለቤትዎ ቤት ናቸው?»

«የለም።»

«መቼ ይመጣሉ?»

«እንጃ።»

«ከሄዱ ቆዩ?»

«በሩ ሳይበላሽ ነው የሄደው።»

«እንግዲያው ሁለተኛው ነው የሚሆነው፤ እንደ ክንፉ።»

ሜትሩን ጣቷ ላይ ጠመጠመችው።

«ክንፍ እንደማይበቅልልኝ አውቃለሁ፣ መምህር። እሱን ግን ከክንፍ ጋር አይደምሩብኝ።»

መምህሩ ቀዩን እስክሪብቶ እንዳነሳ ቀረ። ዓይኑ የኮቷ እጅጌ ላይ አረፈ፤ ተጠቅልሏል እንጂ አልተቆረጠም።