ስለ ሶስና ክኒን ልመሰክር

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! አሁንም ጌታ ይባረክ! ምስክርነት አለኝ ብዬ እጄን ሳወጣ አንዳንዶቻችሁ “ይቺ ደግሞ ባለፈው ዓመት ቆማ አልነበር እንዴ?” ብላችሁ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ቆሜያለሁ። ዛሬ የመጣሁት ያን ጊዜ ያልኩትን ላስተካክል ነው። ወንድሜ፣ ኪቦርዱን ቀነስ አድርግልኝማ። ተባረክ።

ለማታውቁኝ፣ አልማዝ እባላለሁ። ሐርቡ አካባቢ ገበሬ ቤት ተወልጄ ኮምቦልቻ የመጣሁት ፋብሪካ ልሠራ ነው። ልብስ ስፌት ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት ስፈልግ እውላለሁ፣ ይከፈለኛልም። ጌታን ሳላውቅ በፊት ግን በነጻ እሠራው ነበር! ሳቁ፣ እውነት ነው። ምላሴ ሰው አያስቀርብም ነበር። የልጄ አባት ጥሎኝ ሲሄድ ደግሞ ባሰብኝ። ንዴቴን በማን ላይ የምወጣው መሰላችሁ? በሶስና ላይ።

ሶስናን ታውቋታላችሁ፣ አሁን ስምንት ዓመቷ ነው። ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። መቀመጥ የሚባል ነገር የለም። አንድ ጉርሻ ጎርሳ በር ላይ ናት፤ በር ላይ ያዝኳት ስል አጥር ላይ ናት። ሁለት ጫማ አድርጋ ትወጣለች፣ በአንዱ ትመለሳለች። ስሟን ስጠራ ዝም ትለኛለች። ንቀት መሰለኝ። በቀበቶ መታኋት፣ ወገኖች። አልደብቃችሁም።

የፋብሪካው ሰርቪስ ላይ አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት እህት ስለ ኢየሱስ ትነግረኝ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ተከራከርኳት፣ አልሰለቸኋትም። አንድ ጠዋት ልጄን መትቼ ወጥቼ መኪናው ውስጥ ለቅሶ ፈነዳብኝ። “ጌታ ሆይ፣ ልጄን ከእኔ አስጥላት!” አልኩ። የዚያን ዕለት ቀበቶውን ጣልኩት። ሃሌ ሉያ! ከዚያ ወዲህ እጄ በልጄ ላይ ተነስቶ አያውቅም። ይሄኛው ምስክርነቴ አልተለወጠም፣ ያዙልኝ።

እኔ ተለወጥኩ፣ ሶስና ግን ያው ናት። መካሪው ደግሞ መዓት! እናቴ “ጠበል ውሰጃት” አለችኝ። ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሰው አመጡልኝ። አስተማሪዋ “ጣፋጭ አስቁሚያት” አለች። ከእኛው አንዷ እህት “መንፈስ ነው፣ ጾም ያዢ” አለችኝ። ሁሉንም ሞከርኩ። ማሩን ሶስና ወደደችው፣ ሌላ ለውጥ ግን አላየሁም።

በመጨረሻ ደሴ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ዶክተሯ ሦስት ጊዜ አመላለሰችን፤ አስተማሪዋ የምትሞላው ወረቀትም ላከች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ “ልጅሽ ባለጌ አይደለችም። ትኩረቷን መሰብሰብ፣ ራሷንም መግታት ያቅታታል። በሽታ ያመጣሽባት አንቺ አይደለሽም። አንዳንዱ ልጅ ወላጅና አስተማሪ አያያዙን ካወቁበት ያለ መድኃኒትም ይሻለዋል። ለሶስና ግን መድኃኒትም ብንጨምርላት ጥሩ ነው።”

ጀመርን። በሁለተኛው ወር ሶስና ቁጭ ብላ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈች። ደብተሩን አቅፌ አለቀስኩ። ክብር ለጌታ ይሁን!

በዚያው ሰሞን ነው እንግዲህ እዚህ ቆሜ “ጌታ ልጄን ፈወሳት!” ያልኩት። እልልታችሁ ጣራውን ሊያነሳው ነበር። ስለ ክኒኑ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ስንወጣ አንዷ አቅፋኝ “ያለ ምንም መድኃኒት አይደል?” ስትለኝ “አዎ” አልኩ። በዚችው ምላሴ!

ከዚያ ወዲያ ለጸሎት ቤቴ በመጣችሁ ቁጥር ክኒኑን ሽሮ ዕቃ ውስጥ መደበቅ ሆነ ሥራዬ። ኋላ ደግሞ “ተፈውሳለች ብዬ መስክሬ ለምን ትውጣለች?” አልኩ። መድኃኒቱ ምግብ አስጠልቷት ስለነበር ሰበብም አላጣሁም። ዶክተሯን ሳልጠይቅ አስቆምኳት። እምነት ነው አልኩት። እፍረት ነበር፣ ወገኖች።

ብዙም ሳይቆይ ሶስና ወደ ነበረችበት ተመለሰች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ይዣት ስመጣ ከአስፋልቱ ማዶ የፍየል ግልገል አየችና እጄን መንጭቃ ሮጠች። ጭነት የያዘ ሲኖ እየመጣ ነው። ተከትያት ሮጥኩ፣ አልደረስኩባትም። እትዬ ዘይነባ ከሱቃቸው ደጅ ተወርውረው በቦርሳዋ ጎተቷት፤ ሁለቱም ወደቁ። መኪናው አልፎ ሄደ። ክንዳቸው ተልጦ “ወላሂ፣ ትንሽ ነበር የቀራት! ምን ነካት? ተሽሏት አልነበር እንዴ?” አሉኝ።

ቤት ገብተን የቆሰለ ጉልበቷን ሳጥብላት ሶስና ቀና ብላ አየችኝ። “እማዬ፣ ጌታ ፈውሶኝ ነበር አይደል? ያበላሸሁት እኔ ነኝ?” አለችኝ።

የሰባት ዓመት ልጅ! እግዚአብሔር የሰጣትን ነገር የሰበረች መስሏት ስንት ቀን ብቻዋን እንደተጨነቀች አላውቅም። ከቀበቶው ይልቅ የጎዳኋት በዚህ ነው። ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩና “አንቺ ምንም አላበላሸሽም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ጌታ መድኃኒት ሰጠን፣ እኔ አፍሬ ደበቅኩት” አልኳት። ያን ዕለት እኔ ነኝ ንስሐ የገባሁት።

በነጋታው ደሴ ወረድን እላለሁ፣ ወጣን ነው እንጂ! ለዶክተሯ ሁሉን ነገርኳት። “የምግቡን ነገር ቀድመሽ ብትነግሪኝ መላ ነበረው” አለችኝ እንጂ አልተቆጣችም። መጠኑን አስተካከለች፤ ቁርሷን በልታ እንድትውጥ አዘዘች፤ እኔንም እንዲህ ያለ ልጅ እንዴት እንደሚያዝ አንድ በአንድ አስተማረችኝ። ከዚያ ለፓስተራችን ነገርኳቸው። “ያን ቀን እኔም አልጠየቅኩሽም። እልልታው ጣፍጦኝ ነበር” አሉኝ። ፓስተር፣ ተናገሪው ብለውኛል፤ ተናገርኩት!

ዛሬ ሶስና ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ትማራለች። ጫማዋን አሁንም ትጥላለች፣ እሱን አልደረስንበትም። ጌታ ግን ልጄን ጠብቆልኛል፣ ጌታ ይመስገን! የእናንተ ልጅ ክኒን ያስፈልገው እንደሆነ እኔ አላውቅም። ሐኪም ጠይቁ፣ ጸልዩም፣ አንዱን በሌላው አትደብቁ። በኢየሱስ ታመኑ፤ እውነቱን ስትነግሩት የሚሸሽ ጌታ አይደለም።

ዛሬ ጠዋት ሶስና ክኒኗን በእጇ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። “ጌታ ሆይ፣ ስለ መድኃኒቴ ተመስገን። እማዬ ዛሬ ስትናገር እንዳትፈራ እርዳት” አለች። አሜን አልኳት። እናንተም አሜን በሉላት።